የነገሌ ውኃ

ተውኔት ለሕዝብ የቅንጦት ነገር አይደለም እያልሁ በዚህ ዓምድ ስንት ጊዜ እንደ ተከራከርሁ የዘወትር አንባቢዎቼ ታውቃላችሁ፤ በዚህ ሳምንት ያንኑ አሮጌ ክርክር እንዳነሣው ያስገደደኝ ነገር ግን ልቤን እጅግ አሳዝኖታል።

በጎረቤቴ ቤት ተወልዳ፣ እዚሁ ነገሌ በዓይናችን ፊት አድጋ፣ ዛሬ በባሕር ማዶ ኮሌጅ የምትማር አንዲት ልጅ፣ ተማሪዎቹ ባሳዩት ሙዚቃዊ ተውኔት ውስጥ ከአጃቢዎቹ ጋር ቆማ ስትዘፍን የተቀረጸውን ምስል ለእናቷ ላከችላት። አጎቷም ነገሩ ስለ ምን እንደ ሆነ ጠይቆ፣ የሁለት ወንዶች ፍቅር የሚታይበት ታሪክ መሆኑን በተረዳ ጊዜ፣ ከእንግዲህ ስሟ በቤቱ እንዳይነሣ፣ በስልክም ብትጣራ የሚመልስላት እንዳይኖር ቃል አወጣ። እናቲቱ ቡናውን እየቀዳች ዝም አለች። እኔ ዝም ማለት አልሆነልኝም፤ ምስሉን ተውሼ እስከ መጨረሻው ተመለከትሁት።

ተውኔቱ «ላ ካዥ ኦ ፎል» ይባላል። ዣን ፑዋሬ የተባለው ፈረንሳዊ በ1965 ዓ.ም. ለፓሪስ መድረክ ያቀረበው ድርሰት ሲሆን፣ ሃርቪ ፋየርስቲን ታሪኩን እንደገና አሰናድቶት፣ ጄሪ ኸርማን ዜማና ግጥም ሰጥቶት፣ በነሐሴ 1975 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ታየ። ዦርዥ የምሽት ጭፈራ ቤት ባለቤት ነው፤ አልባን ደግሞ በዚያው ቤት የሴት ልብስ ለብሶ የሚዘፍን የመድረኩ ኮከብ ነው። እነዚህ ሁለቱ፣ ወላጅ እናቱ ዞር ብላ ያላየችውን የዦርዥን ልጅ፣ ዣን ሚሼልን፣ በአንድ ጣሪያ ሥር አሳደጉት። ልጁ ለጋብቻ በደረሰ ጊዜ ያጫት ልጃገረድ አባት ግብረ ገብን እጠብቃለሁ የሚል የፖለቲካ ሰው ሆኖ ስለ ተገኘ፣ አማቾቹ በሚመጡበት ቀን አልባን ከቤት እንዲሰወር ልጁ ይለምናል። አልባንም ይህን በሰማ ጊዜ በመድረኩ ላይ ቆሞ ከዘፈነ በኋላ፣ ሰው ሠራሹን ጠጉር ከራሱ አውልቆ ለዦርዥ ወርውሮለት፣ በተመልካቹ መካከል አቋርጦ ይወጣል።

ሲወጣ ባየሁት ጊዜ አባቴ ታየኝ።

አባቴ በነገሌ የ4ኛው ብርጌድ ወታደር ነበረ። እኔ በአዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ፣ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዞ፣ አሮጌ የወታደር ካፖርቱን እንደ ለበሰ፣ ቅቤ በቅል ይዞ ከትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኘሁት። አባቶቻቸው ባለ መኪና የሆኑ ጓደኞቼ ይህ ሰው ማን ነው ብለው ቢጠይቁኝ፣ «ከአገር ቤት መልእክት ያመጣ ሰው ነው» አልኋቸው። አባቴ ሰምቶኛል። ቅሉን በሁለት እጁ አቀረበልኝና፣ «እናትዎ ደኅና ናቸው፤ ይህን ልከውልዎታል» አለኝ። እኔን፣ ልጁን፣ በአንቱታ ጠራኝ። እስኪሞት ድረስ ይህን ነገር አላነሣብኝም፤ እኔም ይቅርታ አልጠየቅሁትም።

ያ አባቴ ሳይሰለች የሚተርክልኝ አንድ ታሪክ ነበረ። በዚህች ከተማ የወታደሮቹ የውኃ መሳቢያ ተበላሽቶ፣ መኰንኖቹ ከራሳቸው ጕድጓድ እንዳይቀዱ በከለከሏቸው ጊዜ፣ ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. አመፅ ተነሣ። ነገሩን እንዲያበርዱ ከንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ወታደሮቹ ይዘው፣ እነርሱ የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትንም ውኃ አጠጧቸው። የአገሪቱ አብዮት ከዚህ ከእኛ ውኃ እንደ ጀመረ ብዙዎች ያስታውሳሉ፤ እኔ የማስታውሰው ግን፣ የሌላውን ጥማት በቃል ከመስማት ይልቅ ውኃውን መቅመስ እንደሚበልጥ ነው። ወታደሮቹ በጠመንጃ ያደረጉትን ተውኔት ያለ ጠመንጃ ያደርገዋል። መንግሥቱ ለማ «ያላቻ ጋብቻ»ን ሲጽፍ፣ የተማረ የባላባት ልጅ የቤት ሠራተኛውን ማፍቀሩን ነውር የሚል ተመልካች በአዳራሹ ሞልቶ ነበረ፤ ነገር ግን ተመልካቹ ፈርዶ ሳይጨርስ ሠራተኛዪቱን ሰው ሆና አያት።

ሕግስ ወዴት አለ የሚሉኝ አሉ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በ629ኛው አንቀጹ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን እንደሚከለክል አውቃለሁ፤ ያጠመቀችኝ ቤተ ክርስቲያን ስለ ጋብቻ የምታስተምረውንም በልጅነቴ ተምሬአለሁ። ስለ ዘፈነች ልጅ ስም ግን በዚያ አንቀጽ የተጻፈ የለም፤ ፍቅረ ቢጽን ያስተማሩኝ አበውም የሥጋ ዘመድ በበር ሲቆም መዝጊያውን ቀርቅሩ አላሉኝም። ከዚህም አልፌ የማምነውን እናገራለሁ፤ አንዲት እናት የተወችውን ሕፃን አሳድገው ለማዕርግ ያበቁ፣ አንዱ ሲወድቅ ሌላው የሚያነሣው ሁለት ሰዎች በመካከላቸው ያለውን ነገር፣ ከፍቅር በቀር ሌላ ስም ልሰጠው ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም።

ወንድሜ ሆይ፣ ያን ቃል ባወጣህ ጊዜ በዚያ ቤት ቡና ይጠጡ የነበሩት ታላላቆች ብቻ አልነበሩም፤ ልጆችም ነበሩ። ከእነርሱ መካከል ስለ ራሱ ነገር ለማንም ትንፍሽ ብሎ የማያውቅ አንድ እንኳ ቢኖር፣ በዚያች ቀን ከአንተ የተማረው መደበቅን ነው።

ትናንት ማታ የልጅቱ እናት ነጠላዋን ተከናንባ ወደ ቤቴ መጣችና በእኔ ስልክ ከልጇ ጋር ተነጋገረች። ስለ ብርዱና ስለ ፈተናው ጠየቀቻት። ልትሰናበት ስትል ጥቂት ዝም ብላ፣ «ያ ልጅ ግን ያሳደገውን ሰው ይቅርታ ጠየቀው ወይ?» አለቻት።

«ጠየቀው፣ እማዬ» አለቻት።

እኔም አጠገቧ ተቀምጬ፣ አባቴ በሁለት እጁ ያቀረበልኝን ያን ቅል አሰብሁ።