የማይታይ እሳት አጥፉ ብሎ መላክ

እሳት በተነሳ ቁጥር የምንጠይቃት ጥያቄ አንዲት ናት። «እሳት አደጋዎች በስንት ደቂቃ ደረሱ?» ከዘገዩ እንራገማለን፤ ቶሎ ከደረሱም ሥራቸው ነው ብለን ምስጋናውን እንረሳዋለን። «ሲደርሱ ምን ያውቁ ነበር? ምን እየተቃጠለ እንደሆነ ማን ነገራቸው? ማንስ አስተማራቸው?» የሚል ሰው ግን እምብዛም አይገኝም። እኔ ዛሬ ልሟገት የተነሳሁት በዚችው በማትጠየቀው ጥያቄ ላይ ነው። ምክንያቱም ዓለም አዲስ ነዳጅ እያመጣ ነው። ነዳጁን የሚያመጡት ሰዎች ሪባን ይቆርጣሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ይጨበጨብላቸዋል። ክፉ ቀን ሲመጣ ቱቦ ይዞ ወደ ውስጥ የሚገባው ግን ሪባን ቆራጩ አይደለም።

ነዳጁ ሃይድሮጂን ይባላል። ፊውል ሴል በሚሉት መሣሪያ ውስጥ አልፎ ኤሌክትሪክ ከሰጠ በኋላ ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ውሃ ነው። ለአየሩም ለሳንባችንም መልካም ዜና ነው። በጃፓን፣ በደቡብ ኮሪያ፣ በጀርመንና በካሊፎርኒያ መኪናና አውቶቡስ ያንቀሳቅሳል። ሃይድሮጂን ቦምብ ነው ብዬ ላስፈራራችሁ አልመጣሁም። ለነገሩ ቤንዚንስ ቢሆን መቼ ጠበል ሆኖ ያውቃል? ልዩነቱ ቤንዚንን ከመቶ ዓመት በላይ አብረነው ስለኖርን ጠባዩን ለምደነዋል። የሃይድሮጂን ጠባይ ግን ሌላ ነው፤ የለመድነውን ገልብጦ ያስቀምጠዋል።

እስቲ የወጥ ቤታችንን ቡታጋዝ እናስብ። ሲያፈስ ይሸታል። ሽታው የራሱ የጋዙ አይደለም፤ ሰው እንዲነቃ ሆን ተብሎ የተጨመረ ነው። ለመኪና የሚቀዳው ሃይድሮጂን ግን ሽታ አይጨመርበትም፤ በማሽተቻው ውስጥ ያለው ድኝ ፊውል ሴሉን ይመርዘዋልና። ቡታጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ወለል ለወለል ይሳባል። ሃይድሮጂን ከአየር 14 ጊዜ ያህል ስለሚቀል ሽቅብ ይመነጠቃል። ሜዳ ላይ ከሆነ ይህ ጠባዩ በረከት ነው፤ በኖ ይጠፋል። ጣሪያ ባለው ጋራዥ ውስጥ ከሆነ ግን ኮርኒስ ሥር ተጠራቅሞ ብልጭታ ይጠብቃል። ቡታጋዝ የሚቀጣጠለው ከአየሩ ከ2 እስከ 9 በመቶ ገደማ ሲይዝ ነው። ሃይድሮጂን ግን ከ4 እስከ 75 በመቶ በሆነው መጠን ሁሉ ይነዳል። የሚፈልገው ብልጭታ ደግሞ የቤንዚን ትነት ከሚፈልገው አንድ አሥረኛ ያህል ነው። የሹራብ ፍትጊያ እንኳ ሊበቃው ይችላል።

ከሁሉም የሚብሰው ነበልባሉ ነው። በቀን ብርሃን አይታይም ማለት ይቻላል። ጥቀርሻ ስለሌለው እንደ እንጨት እሳት ከሩቅ አይለበልብም፤ ሰውየው እሳቱን የሚያውቀው ውስጡ ሲገባ ነው። ድሮ በአሜሪካ የሮኬት ጣቢያዎች ሃይድሮጂን ያፈተለከበትን ቦታ የሚፈልጉ ሠራተኞች የሣር መጥረጊያ ከፊታቸው ዘርግተው ይሄዱ ነበር። መጥረጊያው በድንገት ከነደደ «እሳቱ እዚህ ጋ ነው» ማለት ነው። ዛሬ ሙቀትን የሚያሳይ ካሜራ አለ። ካሜራውን ሳይገዙ፣ አጠቃቀሙንም ሳያሰለጥኑ ሰው መላክ ግን ሰውየውን ራሱን መጥረጊያ ማድረግ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። እሳት አጥፊ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የሚማረው ማጥፋትን ነው። ስሙም ይኸው ነው። በሃይድሮጂን ዘንድ ግን የመጀመሪያው ትምህርት «አታጥፋ» የሚል ነው! ጋዙ የሚወጣበት ቫልቭ ሳይዘጋ ነበልባሉ ቢጠፋ፣ ጋዙ መፍሰሱን አያቆምም። ሳይታይና ሳይሸት ይጠራቀማል፣ ከዚያ ባንዴ ይፈነዳል። ስለዚህ ምንጩ እስኪዘጋ ድረስ ይንደድ ተብሎ ይተዋል፤ ውሃው የሚረጨው ዙሪያውን ለማቀዝቀዝ ነው። የመኪናው ሲሊንደር 700 ባር ግፊት ይሸከማል፤ የአውቶቡሱ በአብዛኛው 350። እሳት ሲያገኘው 110 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ የሚከፈት ማስተንፈሻ አለው። ያ ማስተንፈሻ ሲከፈት የሚወጣው ነበልባል እንደ ጦር የተወረወረ ነው። በየት በኩል እንደሚወጣ ያላወቀ ሰው ቆሞ የሚጠብቀው ፊት ለፊቱ ላይ ሊሆን ይችላል። ፈሳሽ ሃይድሮጂን ደግሞ ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ነው። ማስተንፈሻው ላይ ውሃ ከተረጨ ውሃው በረዶ ሆኖ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ተመልከቱ እንግዲህ! ሃያ ዓመት ያገለገለ ጀግና፣ ልምዱ ያስተማረውን በታማኝነት ሲፈጽም ራሱንም ጓደኞቹንም ሊያጠፋ ይችላል። እዚህ ላይ ድፍረት አያድንም። የሚያድነው ትምህርት ብቻ ነው።

«ማደያዎቹ በጥንቃቄ የተሠሩ ናቸው፤ አደጋ ብርቅ ነው» የሚሉ አሉ። እሺ። እ.ኤ.አ. በ2019 የሆነውን እንይ። ግንቦት 23 ቀን በደቡብ ኮሪያ፣ ጋንግነንግ ከተማ የሃይድሮጂን ታንክ ፈንድቶ 2 ሰዎች ሞቱ፣ 6 ቆሰሉ። ሰኔ 1 ቀን በካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ክላራ የሃይድሮጂን ማከፋፈያ ላይ ፍንዳታ ደረሰ። ሰኔ 10 ቀን ደግሞ በኖርዌይ፣ ኦስሎ አጠገብ ሳንድቪካ ላይ አንድ ማደያ ፈነዳ። የፍንዳታው ግፊት በአቅራቢያው የነበረ መኪና ኤርባግ አስነፍቶ ሁለት ሰዎች ቀላል ጉዳት ደረሰባቸው። ሦስቱም የሆኑት ሦስት ሳምንት ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ነው። የኖርዌዩ ምክንያት ምን ነበር መሰላችሁ? በሚገባ ያልጠበቀ ብሎን! በምድር ላይ የታወቀ ጥንቁቅ አገር፣ የተመሰከረለት ኩባንያ፣ አንድ ያልጠበቀ ብሎን። የሰው እጅ ባለበት ሁሉ ብሎን ሊላላ ይችላል። «ብርቅ ነው» የሚለው ክርክርም የሚረዳው እኔን ነው። ቤት ሲቃጠል በየሳምንቱ የሚያይ ሰው ከልምድ ይማራል። በዕድሜው አንዴ የሚያየውን ነገር ግን ከልምድ ሊማረው አይችልም። አስቀድሞ ካልሰለጠነ የመጀመሪያ ትምህርቱ የመጨረሻው ይሆናል።

ይህ የሃሳብ ጨዋታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1973 በአሪዞና፣ ኪንግማን ላይ የፕሮፔን ጋዝ የጫነ የባቡር ፉርጎ ነደደ። ጋኑ ፈንድቶ 11 እሳት አጥፊዎች አለቁ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 4 ቀን 2020 በቤይሩት ወደብ መጋዘን እሳት ተነሳ ተብሎ የእሳት አደጋ ቡድን ተላከ። በመጋዘኑ ውስጥ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት መኖሩን የሚያውቁ ባለሥልጣናት ነበሩ። ለተላኩት ግን የነገራቸው አልነበረም። አሥሩም አልተመለሱም። የቤይሩቶቹን የገደላቸው ፈንጂው ብቻ ነው? አይደለም። ቢሮ ውስጥ ፋይል ላይ የቀረው እውቀትም ገድሏቸዋል።

ማሰልጠን አይቻልም የሚል ካለ ደግሞ ተችሏል። አውሮፓውያን እ.ኤ.አ. ከ2013 እስከ 2016 ሃይሪስፖንስ በተባለ ፕሮጀክት በደቡብ ፈረንሳይ፣ ኤክስ አን ፕሮቫንስ በሚገኘው የእሳት አደጋ መኮንኖች ትምህርት ቤት እውነተኛ ነበልባል እያነደዱ አሰልጥነዋል። ከዚያም አሰልጣኞችን የሚያሰለጥን ሌላ ፕሮጀክት አስከትለዋል። ጎሽ ነው። የማልቀበለው ግን ይህ ነገር በበጎ አድራጎት መልክ መታየቱን ነው። ነዳጁን የሚሸጠው ኩባንያ ትርፉን በግሉ ያስገባል፤ አደጋውን ግን ለከተማው ያካፍላል። በአሜሪካም በጀርመንም አብዛኞቹ እሳት አጥፊዎች በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ቀን መምህር ወይም ገበሬ ሆነው የሚውሉ። የሃይድሮጂን መኪና በእነሱ መንደር ሲያልፍ «ሥልጠናው በራሳችሁ ነው» ማለት ግፍ ነው። ሕጉ አጭር መሆን አለበት፦ ያካባቢው እሳት አጥፊዎች ሳይሰለጥኑ ማደያ አይከፈት፤ የሥልጠናውን ወጪ ደግሞ ሻጩ ይክፈል። ይኸው ነው።

«ኧረ ለመሆኑ እኛን ምን አገባን? ሃይድሮጂን ማደያ የት አየህና?» እንደምትሉ አውቃለሁ። እናንተዬ፣ ሃይድሮጂን እኮ ድሮም ከቤታችን አልጠፋም። የመኪና ባትሪ ቻርጅ የሚያደርግ ባለሙያ ጠይቁ። ባትሪው ሲፈላ ክብሪት እንዳትጭሩ ይላችኋል። የሚወጣው ሃይድሮጂን ነው። መንግሥት ደግሞ በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ፤ የኤሌክትሪክ መኪኖች መንገዱን ሞሉት። የእነሱ የሊቲየም ባትሪ ሲጋል ከሚያስወጣቸው ጋዞች አንዱ ይኸው ሃይድሮጂን ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 በአሪዞና፣ ሰርፕራይዝ ከተማ የሊቲየም ባትሪ ማከማቻ ጨሰ። እሳት አጥፊዎች ሰዓታት ጠብቀው በሩን ከፈቱ። ውስጥ የታፈነው ጋዝ ፈንድቶ ወረወራቸው፤ አራቱ ክፉኛ ተጎዱ። የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደህንነት ቦርድም እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ጥናት የመኪና አምራቾች ለእሳት አጥፊዎች የሚሰጡት መመሪያ በቂ እንዳልሆነ መስክሯል። የጠፋ የመሰለ ባትሪ ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከቀናት በኋላ ተመልሶ እንደሚነድም ይታወቃል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ በእኛም መንገድ ላይ ይሽከረከራል። መኪናው ቀረጡ ሲቀነስለት እልል ብለናል። 939 ደውለን የምንጠራቸው ልጆችስ? መኪና አስመጪው እያንዳንዱን ሞዴል ሲያስገባ የአደጋ ጊዜ መመሪያውን በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎቻችን አስተርጉሞ ለእሳት አደጋ መሥሪያ ቤቱ ያስረክብ። የመፈተኛ ባትሪም አብሮ ይስጥ። ባትሪ የሚከማችበት ወይም ብዙ መኪና ቻርጅ የሚደረግበት ሕንፃ ሁሉ በሩ ላይ ውስጥ ያለውን የሚናገር ምልክት ይለጥፍ። በየክፍለ ከተማው ላሉ ጣቢያዎች ሙቀት የሚያይ ካሜራ ይገዛ። የሚከብድ ነገር አለው? ባለ ብዙ ሚሊዮን ብር መኪና መግዛት የቻለ አገር ይህን አልችልም ቢል ማን ያምነዋል?

«ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት አባቶቻችን ቅጠሉ ሁሌም እንደማይሠራ አላጡትም። እሳቱን ያዩ ነበርና ቅጠሉን መምረጥ ይችሉ ነበር። እኛ ደግሞ የማይታይ እሳት አምጥተናል። ቢያንስ የምንልካቸው ልጆች በምን እንደሚያዩት እናስተምራቸው። ያለበለዚያ ቀብራቸው ላይ «ጀግኖች ነበሩ» ማለታችን ይቅር፤ ያላስተማረ ሰው የማወደስ መብት የለውም።