የኢንተርኔት ገበያና የመታያ ቦታው ኪራይ

በቻይና ምሥራቃዊ ክፍል፣ በጂያንግሱ ክፍለ ሀገር፣ በሱይኒንግ አውራጃ ዶንግፌንግ የምትባል መንደር ትገኛለች። ነዋሪዎችዋ ከእርሻው ጎን ለጎን አሳማ በማርባትና ያገለገለ ፕላስቲክ ሰብስቦ በመሸጥ ይተዳደሩ ነበር። በ2006 ዓ.ም. (ካልተገለጸ በቀር በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ሱን ሃን የተባለ የመንደሯ ወጣት ታኦባኦ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ላይ አንድ አነስተኛ ሱቅ ከፈተ። በሚቀጥለው ዓመት ሻንጋይ ከተማ በሚገኝ አንድ የውጭ ኩባንያ መደብር ያየውን ዓይነት ቀላል የእንጨት ዕቃ በአካባቢው አናጢዎች አሠርቶ ለሽያጭ አቀረበ። ዕቃው ገበያ አገኘ። ጎረቤቶቹም ይህንኑ አይተው፣ ጠይቀውና ተምረው እነሱም በየቤታቸው ሱቅ ከፈቱ።

የታኦባኦ ባለቤት የሆነው አሊባባ ኩባንያ እንዲህ ያሉትን መንደሮች «የታኦባኦ መንደር» ብሎ ይጠራቸዋል። አንድ መንደር ይህን ስም ለማግኘት በዓመት ቢያንስ 10 ሚሊዮን ዩዋን በኢንተርኔት መሸጥና ቢያንስ 100 ሱቆች እንዲኖሩት፣ ወይም ከአባወራዎቹ ከመቶ አሥሩ ሻጮች እንዲሆኑ ያስፈልጋል። በ2009 በዚህ መመዘኛ የተቆጠሩት መንደሮች 3 ብቻ ነበሩ። በ2014 ቁጥራቸው 212፣ በ2020 ደግሞ 5,425 ደርሷል። በ2022 የተመዘገቡት 7,780 ነበሩ።

ይህ ውጤት በብዙ አገሮች የገጠር ልማት ባለሙያዎች ዘንድ እንደ ምሳሌ ሲነሳ ቆይቷል። ይሁንና ቁጥሩ የሚናገረው የነገሩን አንድ ወገን ብቻ ነው። ሌላው ወገን ሻጩ ዕቃው እንዲታይለት የሚከፍለው ዋጋ ሲሆን፣ ምርታቸውን በዚህ መንገድ ለመሸጥ የሚያስቡ የገበሬ ማኅበራትና የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች ከሁሉ አስቀድመው ሊመረምሩት የሚገባው ይኸው ነው።

በገጠር የገበያ ቀን ማልዶ የደረሰ ገበሬ እህሉን በመግቢያው አጠገብ ይዘረጋል፤ የዘገየው ደግሞ ከዳር ይቀመጣል። ቢሆንም ገበያተኛው ዞር ዞር ብሎ ሁሉንም ማየቱ አይቀርም። በኢንተርኔት ገበያ ግን ነገሩ እንዲህ አይደለም። ሸማቹ በስልኩ ላይ «ማር» ብሎ ቢጽፍ በሺህ የሚቆጠሩ ሻጮች እያሉ የሚታዩት ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው። የቀሩት በስተኋላ ይሰለፋሉ፤ እዚያ ድረስ የሚዘልቅ ሸማችም እምብዛም አይገኝም። ስለዚህ ትልቁ ሸቀጥ ማሩ ሳይሆን ከፊት መታየቱ ሆኗል።

ይህ የመታያ ቦታ በጨረታ ይሸጣል። አሠራሩን በ1998 በስፋት የጀመረው ጎቱ የተባለ የአሜሪካ ድርጅት ሲሆን፣ ሻጮች በየቃሉ ላይ እየተጫረቱ የላይኛውን ቦታ እንዲይዙ ያደርግ ነበር። ጉግል በ2000 ማስታወቂያ መሸጥ ጀመረ፤ በ2002ም ሻጩ ማስታወቂያው በተነካ ቁጥር የሚከፍልበትን ጨረታ ተከተለ። በ2023 የጉግል እናት ኩባንያ ካስገባው 307 ቢሊዮን ዶላር ያህል ውስጥ ወደ 238 ቢሊዮን የሚጠጋው ከማስታወቂያ የመጣ ነው። ታኦባኦም «ጂቶንግቸ» የሚባል ተመሳሳይ ጨረታ ነበረው፤ ትርጉሙ ያለ ማቋረጥ የሚደርስ ተሽከርካሪ እንደ ማለት ነው። ስሙ ያማረ ቢሆንም ተሳፋሪው ከመድረሱ በፊት ሒሳቡን ማወቅ አለበት።

ሒሳቡን በምሳሌ ማየት ይቻላል። አንድ የንብ አርቢዎች ማኅበር ወጪው ሁሉ ተቀንሶ ከአንድ ኪሎ ማር 120 ብር ያተርፋል እንበል። «ማር» በሚለው ቃል ላይ ተጫርቶ አንድ ሰው ማስታወቂያውን በነካ ቁጥር 3 ብር ይከፍላል። መቶ ሰዎች ቢነኩት 300 ብር ይወጣል። የነካ ሁሉ አይገዛም፤ ከመቶው አራቱ አንዳንድ ኪሎ ቢገዙ ለእያንዳንዱ ኪሎ የወጣው የመታያ ኪራይ 75 ብር ነው። ለማኅበሩ የሚቀረው 45 ብር ይሆናል። አሁን ደግሞ ሌላ ሻጭ መጥቶ ዋጋውን ከፍ ቢያደርግና ማኅበሩም ቦታውን ላለመልቀቅ 5 ብር ቢሰጥ፣ ለመቶው 500፣ ለእያንዳንዱ ኪሎ 125 ብር ይወጣል። ያን ጊዜ ማሩ እንደ ቀድሞው እየተሸጠ፣ የሽያጩም መዝገብ እየሞላ፣ ማኅበሩ በየኪሎው 5 ብር ይከስራል። ብዙ ጀማሪ ሻጮች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ የሚመለከቱት የሽያጩን ብዛት ስለሆነ ኪሳራውን የሚያዩት ዘግይተው ነው።

ጨረታው ግን ገንዘብ ብቻ አይደለም። ጉግልም ሆነ ታኦባኦ ቦታውን ሲያድሉ ማስታወቂያው ከተፈለገው ቃል ጋር መስማማቱንና ሰዎች ምን ያህል እንደሚነኩት ያያሉ። ፎቶግራፉ የጠራ፣ መግለጫው ትክክለኛ የሆነ ሻጭ ባነሰ ዋጋ የተሻለ ቦታ ሊያገኝ ይችላል። ከዚህም ሌላ ምንም የማይከፈልበት መንገድ አለ፤ እሱም ዕቃውን ሸማቹ በሚጠራበት ስም መጻፍ ነው። «ከፍተኛ ጥራት ያለው የማኅበራችን ምርት» ብሎ የሚፈልግ ሰው የለም። «ነጭ ማር አንድ ኪሎ» ብሎ የሚፈልግ ግን አለ። የማኅበር ጸሐፊዎች ለሪፖርት የለመዱት አጻጻፍ ለዚህ ገበያ አይሆንም።

ወደ ዶንግፌንግ ስንመለስ፣ ጎረቤት ከጎረቤት እየተማረ መስፋፋቱ መንደሯን የጠቀመውን ያህል ችግርም አስከትሎባታል። ሁሉም አንድ ዓይነት መደርደሪያ ሲሠሩና ተመሳሳይ ፎቶግራፍ ሲለጥፉ ሸማቹ የሚመርጠው በዋጋ ብቻ ሆነ። ዋጋው ወረደ፤ የመታያው ኪራይ ግን አልወረደም። በዚህ ጊዜ በቻይና የኢንተርኔት ገበያ የተስፋፋው ተንኮል የሐሰት ግዢ ነው። ሻጩ ለማያውቃቸው ሰዎች ገንዘብ ሰጥቶ ከራሱ ሱቅ እንዲገዙ ያደርጋል፤ ባዶ ጥቅል ይልካል፤ እነሱም «ግሩም ዕቃ ነው» ብለው ይጽፉለታል። ሱቁ ብዙ የሸጠ ስለሚመስል በፍለጋው ከፍ ብሎ ይታያል። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ጀምሮ የጸናው የቻይና የኤሌክትሮኒክ ንግድ ሕግ ይህን ዓይነቱን የሐሰት ሽያጭና ምስክርነት ከልክሏል። ሐቀኛው ሻጭ የሚጎዳው ሁለት ጊዜ እንደሆነ ልብ ይሏል፤ ቦታውንም ይነጠቃል፣ ሸማቹም እምነት ያጣበታል።

የታኦባኦ መንደሮች አቀማመጥም ሊዘነጋ አይገባም። አብዛኞቹ የሚገኙት መንገድ፣ መብራትና ፋብሪካ ቀድሞ በተስፋፋባቸው በምሥራቁ የባሕር ጠረፍ ክፍላተ ሀገር ነው። ወደ መሐል አገር በተገባ ቁጥር ሁኔታው ይለወጣል። ኩቱር፣ ፋበር፣ ጉና ልዩ የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች በ3 ክፍላተ ሀገር ውስጥ የኢንተርኔት ንግድ ጣቢያ የተተከለላቸውን መንደሮች ካልተተከለላቸው ጋር አወዳድረው በ2021 ያሳተሙት ጥናት፣ በአማካይ በአምራቹና በሠራተኛው ገቢ ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ እንዳላገኘ ገልጿል። ጥቅም ያገኙት ጥቂት ቤተሰቦች ሲሆኑ፣ ያገኙትም በይበልጥ ርካሽ ዕቃ በመግዛት ነው። ባጭሩ ጣቢያው የገጠሩን ምርት ወደ ከተማ ያወጣል ሲባል የከተማውን ሸቀጥ ወደ ገጠር አስገባ ማለት ነው።

ከፍለጋው ጨረታ ሌላ፣ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ የተስፋፋው በማኅበራዊ ሚዲያ በቀጥታ ስርጭት መሸጥ ነው። ታዋቂ ሰው በስልክ ፊት ቆሞ ዕቃውን ያሞግሳል፤ ተመልካቹ እዚያው ይገዛል። በሜይ 2020 ቪያ የምትባለው ቻይናዊት ሻጭ በመራችው ስርጭት ላይ ቻይና ያሉት የሩዋንዳ አምባሳደር ቀርበው፣ 1.5 ቶን የሩዋንዳ ቡና በአንድ ሴኮንድ ተሸጦ አለቀ ተብሎ ተዘግቧል። በጃንዋሪ 2022 የኢትዮጵያ ቡናም በዚህ ዓይነት ስርጭት ቀርቦ በሺህ የሚቆጠሩ ከረጢቶች በሴኮንዶች ውስጥ ተወስደዋል። ዜናው ያስደስታል፤ ቡናው መፈለጉንም ያሳያል። ግን 1.5 ቶን ማለት 15 ኩንታል ነው። የአንድ ቀን ስርጭት የገበያ በር ይከፍት እንደሆነ እንጂ ራሱ ገበያ አይደለም። ቪያ ራሷ በዲሴምበር 2021 በግብር ስወራ 1.34 ቢሊዮን ዩዋን እንድትከፍል ተወስኖባት ገጾችዋ ከኢንተርኔት ጠፍተዋል። ሽያጫቸውን በእርሷ አንደበት ላይ ያንጠለጠሉ አምራቾች በአንድ ቀን ሻጭ አልባ ሆኑ።

የገበያው ባለቤት ጉልበትም ከዚህ አያንስም። የቻይና መንግሥት በኤፕሪል 2021 አሊባባን 18.2 ቢሊዮን ዩዋን የቀጣው፣ ነጋዴዎች በተወዳዳሪ ገበያዎች እንዳይሸጡ በማስገደዱ ነበር። በአሜሪካም አንድ የፌዴራል ዳኛ በኦገስት 2024 ጉግል በፍለጋው መስክ ሕገ ወጥ ሞኖፖል ይዟል ሲሉ ፈርደዋል። አንድ ማኅበር ከእንዲህ ያለ ባለቤት ጋር ብቻውን ቆሞ ስለ ኪራዩ ሊከራከር እንደማይችል ግልጽ ነው።

ይህ ሁሉ ለኢትዮጵያ ገበሬ ሩቅ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን በቡና ረገድ ጉዳዩ ቀድሞ ደርሷል። ኢትዮጵያ በ2005 ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ አመልክታ፣ ከብዙ ክርክር በኋላ በ2007 ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ስምምነት ተፈራርማለች። በዚያን ጊዜ የተፈለገው ስሙ በከረጢቱ ላይ ሲጻፍ ባለቤቱ እንዲታወቅ ነበር። በፍለጋው ጨረታ ግን የስም ባለቤትነት ሁሉን አይጠብቅም። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በማርች 2010 በጉግልና በሉዊ ቪቶን ጉዳይ እንደ ወሰነው፣ ጉግል የሌላን ሰው የንግድ ምልክት ለማስታወቂያ መጥሪያ ቃልነት መሸጡ በራሱ ጥፋት አይደለም፤ ተጠያቂ ሊሆን የሚችለው ሸማቹን ስለ ዕቃው ምንጭ የሚያሳስት አስተዋዋቂ ነው። እንግዲህ አንድ አውሮፓዊ ቡና ጠጪ «ይርጋጨፌ» ብሎ ሲጽፍ ፊት ለፊቱ የሚቆመው ለቃሉ የተጫረተው ቆዪ ነጋዴ ነው። ቡናውን ያመረቱትና ጥሬውን በጅምላ የሚሸጡት ማኅበራት በጨረታው ውስጥ የሉም።

በአገር ውስጥ ሁኔታው ገና በመጀመር ላይ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2012 የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ወጥቷል፤ በግንቦት 2013 ቴሌብር ሥራ ጀምሯል። በከተማ ነጋዴዎች በቴሌግራም፣ በፌስቡክና በቲክቶክ ይሸጣሉ። ማር፣ ቅቤ፣ በርበሬና ጤፍ በዚሁ መንገድ ሲቀርቡ በብዛት የሚያቀርበው ነጋዴው እንጂ አምራቹ አይደለም። የገበሬ ማኅበራት ልግባ ሲሉ እያንዳንዱ ቀበሌ የየራሱን ገጽ ከፍቶ በአንድ ቃል ላይ እርስ በርሱ ቢጫረት ኪራዩን የሚያንሩት ራሳቸው ይሆናሉ። የዶንግፌንግ ጎረቤታሞች የገቡበት እሽቅድምድም ይኸው ነበር። በዩኒየን ደረጃ አንድ ሱቅ፣ አንድ ስምና አንድ የማስታወቂያ በጀት መያዙ ቢያንስ ይህን ያስቀራል።

የሒሳብ አያያዙም እንደዚሁ። የመታያው ኪራይ ከትራንስፖርትና ከማሸጊያ ጋር ተደባልቆ ሲጻፍ የምሳሌያችን 125 ብር በየት በኩል እንደወጣ አይታወቅም፤ ስለሆነም በየወሩ ለብቻው ተጽፎ ለጠቅላላ ጉባኤ መቅረብ ይኖርበታል። የገዙ ሰዎች ስልክ በፈቃዳቸው በማኅበሩ መዝገብ ላይ ቢያዝ፣ አዲስ ማር ሲቆረጥ በቀጥታ ደውሎ ወይም መልእክት ልኮ ማሳወቅ ይቻላል። ተመልሶ በዚህ መንገድ ለሚገዛ ሸማች ለጉግልም ሆነ ለፌስቡክ የሚከፈል የለም።