ያልተጎሰመ ነጋሪት

በመስቀል ማግስት፣ ማክሰኞ መስከረም 18 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ በጉማራ ወንዝ ዳር አባቴን «አንተ» ያለው ሰው ዕድሜው ከታናሽ ወንድሜ የሚበልጥ አልነበረም። ከዚያ ቀን ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል፤ የተወሰደብንን ዓሣ ረስቼዋለሁ ማለት እችላለሁ። ያቺ አንዲት ቃል ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ እንደተጣበቀች አለች። በእኛ አገር ሽማግሌ አንቱ ነው የሚባለው። (እኔ ልጁ «አንተ» ብለው የፍቅር ነው። ባዳ ግን ከየት አምጥቶ?)

ለበዓሉ ከአዲስ አበባ ሐሙሲት ገብቼ ነበር። የእኅቴ ልጅ ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ አያቱ «ክረምቱ ይውጣ እንጂ ጉማራ ወስጄ ዓሣ አስይዝሃለሁ» ብሎ ከሰኔ ጀምሮ ቃል ገብቶለት፣ ልጁም ቀን ሲቆጥር ከርሟል። ጉማራ ከሐሙሲት ወደ ወረታ ሲሄዱ የጎንደርን መንገድ የሚያቋርጠው ወንዝ ነው። ከጉና ይነሣል፤ ደጋውን እያጠበ ወርዶ የፎገራን ሜዳ አቋርጦ ጣና ይገባል። በዚያ ዓመት ክረምቱ ቶሎ ስለወጣ ውኃው ጎደል፣ ቀለሙም ጠራ ብሎ ነበር። እኅቴ ዳቦውንና ድፎውን ሸፈን ያለች ሙዳይ ይዛ፣ አባቴ ሁለት መንጠቆ በሸንበቆ ላይ አስሮ፣ ልጁ በቆርቆሮ ጣሳ ትል ሞልቶ፣ እኔ ደግሞ የከተማ ጫማዬን ጭቃ እያስበላሁ ወረድን። ከአስፋልቱ ራቅ ብለን ሾላ ጥላ ሥር ተቀመጥን።

ስለዚያ ጠዋት ብዙ መጻፍ እችል ነበር። አባቴ ዝም ማለትን ለልጅ ሲያስተምር ማየት ደስ ይላል። ክሩ ሲሳብ የልጁ ትንፋሽ ቀጥ ይላል፤ ሽማግሌው ደግሞ በቅንድቡ ብቻ «ቆይ» ይለዋል። እስከ ቀትር ሰባት ዓሣ ያዝን፤ ሁሉም ነጭ ዓሣ። እኅቴ አንዱን እዚያው ልትጠብስልን ሆዱን ስትቀደው ውስጡ ቢጫ የእንቁላል ፍሬ ሆኖ ተገኘ፤ መዳፍ ይሞላል። አባቴ ጎንበስ ብሎ ተመለከተና «ይህችስ ወላድ ነበረች» አለ። ሸንበቆውንም መሬት ላይ አጋደመው። ከዚያ በኋላ መልሶ ያነሣው እንደሆነ አላውቅም፤ ለማወቅም ጊዜ አላገኘንም።

የመጡት ሁለት ናቸው። ታጥቀዋል። የትኛው መሥሪያ ቤት እንደላካቸው አልነገሩንም፤ እኛም ጠመንጃ ካየን በኋላ መታወቂያ የመጠየቅ ልማድ የለንም።

«ማን ፈቀደልህ?» አለ አንደኛው አባቴን።

«ወንዝ ነው እኮ ልጄ፤ የማን ፈቃድ ይጠየቃል?»

«በዚህ ወቅት ዓሣ ማጥመድ ክልክል መሆኑን አታውቅም?»

«ኧረ አላውቅም።»

«ሕግን አለማወቅ ይቅርታ አያሰጥም!»

ሸንበቆዎቹን በጉልበቱ ሰበራቸው። መንጠቆውን ኪሱ ከተተ። ዓሣዎቹን ጓደኛው በፌስታል ሰበሰበ፤ የተቀደደችውንም ሳይቀር። ጣቢያ እንወስዳችኋለን አሉ፤ ጥቂት ካመናጨቁን በኋላ «ስለ በዓሉ ምረናችኋል» ብለው ሄዱ። ጉቦ አልጠየቁንም፤ እጃቸውንም አላነሡብንም። ይህን መደበቅ ደግ አይደለም። ልጁ ግን ፌስታሉን በዓይኑ እየተከተለ «አባባ፣ ወደ ወንዙ ሊመልሷቸው ነው?» ብሎ ጠየቀ። አባቴ አልመለሰለትም። ሰዎቹ የሄዱት ወደ ወንዙ ሳይሆን ወደ አስፋልቱ ነበር። በፍርድ ከሄደችው በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደችው ጭብጦዬ ትቆጨኛለች ያሉት አባቶች ይህን ፌስታል ያዩት ይመስለኛል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ እስከዚህ ያለው የቂም ታሪክ ነው። ቂሜን ይዤ አዲስ አበባ ተመለስሁ፤ ያ ጎረምሳ ያለ አንዳች ሕግ እንዳንገላታን አረጋግጬ ልጽፍበት ማንበብ ጀመርሁ። ያነበብሁት ግን እኔኑ አሳፈረኝ።

የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 የወጣው በ1995 ዓ.ም. ነው፤ እኛ በጉማራ ዳር ስንቀመጥ አሥራ ሁለት ዓመት አልፎታል። የአማራ ክልልም በዚያው አካባቢ የራሱን ሕግ አውጥቷል። ሕጉ የሚጠብቀውም ቀላል ነገር አይደለም። እኛ በጅምላ «ነጭ ዓሣ» የምንለው፣ ሊቃውንቱ ላቢዮባርበስ የሚሉት ወገን፣ በጣና ውስጥ ከ15 የማያንሱ ዝርያዎች አሉት፤ አብዛኞቹም ከጣና በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኙም። የሚመስላቸው የዓሣ መንጋ በፊሊፒንስ ላናኦ ሐይቅ ነበር፤ እርሱ ጠፍቷል። ከእነዚህ የጣና ዝርያዎች ብዙዎቹ ክረምት ሲገባ ሐይቁን ትተው ወደ ወንዝ ይወጣሉ፤ ጠጠር ባለበት ጥሩ ውኃ ውስጥ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ከሚመርጧቸው ወንዞች አንዱ ይኸው የኛ ጉማራ ነው። የሚወጡበትም ጊዜ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነው። መስከረም 18 እንግዲህ መካከሉ ላይ ነው! የኢትዮጵያና የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ መጀመሪያና በ2001 እ.ኤ.አ. የነበረውን አነጻጽረው እንዳሳተሙት፣ በአሥር ዓመት ውስጥ የዚህ ዓሣ ብዛት በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሷል፤ የጫጩቶቹ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ምክንያት አድርገው የጠቀሱት ዓሣው ሊራባ በወንዞች አፍ ሲሰበሰብ ጠብቆ በመረብ መዝረፍን ነው።

ስለዚህ ያ ጎረምሳ በአንድ ነገር ትክክል ነበር። ያቺ ሆደ ሙሉ ዓሣ መያዝ አልነበረባትም። ጠመንጃ ያነገተው ሰው ያወቀውን እኔ፣ ዲግሪ አለኝ የምለው፣ አላውቅም ነበር። ታዲያ ክርክሬ ከምኑ ላይ ነው? ሕጉ ከመጣበት መንገድ ላይ ነው።

የሐሙሲትን ስም ልብ በሉት። ከገበያዋ ቀን፣ ከሐሙስ፣ የወጣ ስም ነው። እንዲህ ያለች ከተማ የተሠራችው በገበያ ነው፤ ሰው ጨውና ጤፍ ብቻ ሳይሆን ወሬም የሚሸምተው እዚያ ነው። ድሮ መንግሥት ይህን ያውቅ ነበር። አዋጅ ሲኖረው ገበያ መካከል ነጋሪት ያስጎስማል፤ አዋጅ ነጋሪው ይጮኻል፤ የሰማ ላልሰማ ያሰማል። ያን ጊዜ የነበረው አገዛዝ ሁሉ ደግ ነበር አልልም፤ ብዙው አዋጅ ግብርና ጦርነት ነበር። ነገር ግን የሚቀጣው ከተናገረ በኋላ ነው። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ነጋሪቱ ወረቀት ሆነ፤ ነጋሪት ጋዜጣ ተባለ። ስሙ ከበሮ ነው፤ ድምፅ ግን የለውም። የክልሉ ሕግ የሚታተምበት ጋዜጣ ደግሞ ዝክረ ሕግ ይባላል። እንዴት ያለ ውብ ስም ነው! ዝክር ግን አብሮ የሚበላ፣ አብሮ የሚጠጣ ጎረቤት ይፈልጋል። አባቴ ማንበብ አይችልም። በእነዚያ አሥራ ሁለት ዓመታት ስንት ሐሙስ እንዳለፈ አስሉት፤ ስድስት መቶ ሐሙስ ገደማ ነው። ከስድስት መቶው ገበያ በአንዱ እንኳ አባቴ ስለ ዓሣ ሕግ የሚናገር ሰው አልሰማም። የመጀመሪያው አዋጅ ነጋሪ የደረሰው ሸንበቆ ሊሰብር ነው።

«ሕግን አለማወቅ ይቅርታ አያሰጥም» የሚለው ዐረፍተ ነገር እውነት ነው፤ በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 81 ሰፍሯል። ያ ሰው ያልጨረሰልን ግን ያው አንቀጽ፣ በቅን ልቦና መብት ያለው መስሎት ለተሳሳተ ሰው ዳኛው ቅጣቱን ሊያቀልለት እንደሚችል መጨመሩን ነው። ለነገሩ እኛ ዳኛም አላየን። አለማወቅ ይቅርታ የማያሰጥ ከሆነ አለመንገርስ?

ገበሬን ማስተማር ከባድ ነው የሚሉኝ አሉ። እኔ ግን ይህን ሕግ ለአባቴ ማስተማር አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ የሚፈጅ ይመስለኛል፤ «ዓሣዪቱ በዚህ ወራት እርጉዝ ናት» ማለት ብቻ። እርጉዝ ላም የማያርድ ሰው ነው። በረኃብ ዘመን እንኳ የዘር እህል ላለመንካት ጥርሱን የነከሰ ሰው ነው። ሸንበቆውን ያጋደመው ጠመንጃ ሳያይ፣ እንቁላሉን ብቻ አይቶ ነው። ሕጉ በልቡ ውስጥ ነበረ፤ የጎደለው ስለ ዓሣ መሆኑን የሚነግረው ሰው ነው። ይህ ሕዝብ ደግሞ አንድ ያልታጠቀ መንገደኛ «በሕግ አምላክ!» ቢለው እግሩን ከመሬት ሳያነሣ ቀጥ ብሎ የሚቆም ሕዝብ ነበር። የድሮ ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸውን ለኩታ ቋጥረው፣ ያለ ጠባቂ፣ በገዛ እግራቸው ዳኛ ፍለጋ ይሄዱ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው በጠመንጃ ብቻ ማናገር ሀብት ማባከን ነው፤ ዓሣን ከማባከን የማይተናነስ።

በሌላ በኩል መረብ ያለው ሰው ይያዛል ወይ? ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ጠባቂ ጥቂት ነው። ይህ እውነት ነው፤ እፈርድባቸዋለሁ ማለት ይከብደኛል። ነገር ግን በሌሊት የወንዙን አፍ በመረብ የሚዘጋው ጀልባ አለው፤ ያመልጣል። አሸዋ ከወንዙ የሚያወጣው፣ ዓሣዋ የምትጥልበትን ጠጠር የሚያፍሰው፣ መኪና አለው። በጎረቤታችን በርብ ላይ የተገነባው ግድብ የዓሣዋን መንገድ ቢቆርጥ መንጠቆውን ስጥ የሚለው የለም። ሾላ ሥር የተቀመጡ ሽማግሌና ሕፃን ግን ሮጠው አያመልጡም። ለመያዝ ከሁሉም የቀለልነው እኛ ነበርን። ከዚያ ቀደም ብሎ ባለፈው ሰኔ ላይ ዩኔስኮ ጣናን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራዎች መዝገብ አስገብቶት ነበር፤ ዜናውን እኔ አዲስ አበባ ሆኜ በደስታ አንብቤዋለሁ። ወንዙ ዳር ዜናው በሦስት ወሩ የደረሰው በዚህ መልክ ነው።

ልጁ አሁን ጎልማሳ ወጥቶታል። ዓሣ ይወዳል፤ ማጥመድ ግን አይወድም። የታጠቀ ሰው በመንገድ ሲያይ እጁን ከኪሱ የማውጣት ልማድ አለው፤ ከየት እንዳመጣው ጠይቄው አላውቅም።

አባቴ ግን ያነበብሁትን ሁሉ በስልክ ሲሰማ ቆይቶ «ይህን ለምን ቀድመው አልነገሩንም?» ብቻ አለኝ። በቀጣዩ ዓመት ሰኔ ደወለልኝ። በሰንበቴ ላይ፣ ጠበሉ ከቀመሰ በኋላ፣ ተነሥቶ «ወንድሞቼ፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት የጉማራን ዓሣ አትንኩ፤ ወላድ ናት» ብሎ መናገሩን ነገረኝ።

«ምን አሉህ ታዲያ?» አልሁት።

«ግማሹ ሳቀ። ግማሹ ‘ማን ሾመህ?’ አለኝ። አንዱ ግን ‘እኛ ቤትም እንቁላል ያላት ወጥታ ነበር’ አለና ዝም አለ» አለኝ። ቀጥሎም ለልጁ አዲስ ሸንበቆ እንደቆረጠለት፣ ለኅዳር እንደሚደርስ ነገረኝ።