ቁጥሩ ትልቅ፣ ባትሪው ያው

ደባርቅ ላይ አንድ ሰው ስልኩ ቻርጅ አልይዝ ብሎት ጥገና ቤት ገባ እንበል። ሁለት ባትሪ ይቀርብለታል። አንደኛው ላይ 4,000፣ በቁመትም በውፍረትም ያንኑ በሚያክለው በሌላኛው ላይ ደግሞ 6,000 ተጽፏል። ጥቂት ብር ጨምሮ ባለ 6,000ውን ይዞ ይወጣል።

ገንዘቡን ጥሏል። ሃያ ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ላይ ሠላሳ ብለው ቢጽፉበት ሠላሳ አይይዝም። የሊቲየም ባትሪም የሚይዘው በሆዱ ባለው ቁስ ልክ ነው። እውነተኛ የ5,000 ባትሪ ከ60 እስከ 70 ግራም ይመዝናል። ክብደቱ ከአሮጌው እኩል ሆኖ ቁጥሩ በግማሽ የጨመረ ባትሪ ውሸታም ነው። የወርቅ ቤት ሚዛን ከጽሑፉ የተሻለ ትመሰክራለች።

«እኔ ግን ቀይሬ እጥፍ ቆየልኝ» የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው። ያወዳደረው ግን ከሞተው ባትሪ ጋር ነው። ብዙ የስልክ ባትሪዎች 500 ጊዜ ያህል ሞልተው ከጨረሱ በኋላ አቅማቸው ወደ 80 በመቶ ይወርዳል፣ ከዚያም ቁልቁል ነው። ባለ 4,000ው ጤነኛ ባትሪም እኩል ያስደስተው ነበር፤ ምናልባትም የበለጠ።

ደግሞ በዚያ አገር ቻርጅ የሚበላው ሌላ ነው። አንዱ ብርዱ። ጨነቅ ካምፕ 3,600 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፤ በበጋ ሌሊት ውርጭ ይወርድበታል። ባትሪ ሲቀዘቅዝ ኃይል ማውጣት ያቅተዋል፤ 30 በመቶ እያሳየ ድርግም ይላል። ሊማሊሞን ወርዶ ቆላ ሲገባ፣ ወይም ብብት ውስጥ ሲሞቅ፣ ነፍስ ይዘራል። ሁለተኛው ኔትወርክ ነው። በገደል መሀል ምልክቱ ሲደክም ስልኩ እየጮኸ እንደሚጣራ ሰው ጉልበቱን ይጨርሳል። ኔትወርክ በሌለበት ኤርፕሌን ሞድ ላይ ማድረግና ስልኩን ከጋቢ ስር መያዝ ከ6,000ው ጽሑፍ ይልቅ ያቆያል። ይህ ደግሞ በነጻ ነው።

በእርግጥ ትልቅ ባትሪ የሚባል ነገር የለም ማለት አይደለም። ጀርባቸው በሚከፈት ስልኮች ዘመን ከነወፍራም ክዳኑ የሚሸጥ ባትሪ ነበር፤ ስልኩን ጡብ ቢያስመስለውም በትክክል ይቆያል። ወፍሯላ!

ነገሩ የብር ጉዳይ ብቻ ቢሆን ይታለፍ ነበር። ኖኪያን የሚያህል ኩባንያ እንኳ በ2007 እ.ኤ.አ. የእነዚያ እኛ አገር በየቤቱ የነበሩ ስልኮችን ባትሪ፣ ቢኤል-5ሲን፣ አንዳንዱ ቻርጅ ላይ ሳለ ከመጠን በላይ እየጋለ ስላስቸገረው፣ 46 ሚሊዮን ያህሉን በነጻ እንቀይራለን ብሎ ነበር። ሠሪው ማን እንደሆነ ያልታወቀ ባትሪ ሲያብጥና ስክሪኑን ሲገፋ ማን ይጠየቃል? ሌሊት ሊማሊሞ ጠመዝማዛ ላይ መኪናው የቆመበት ሾፌር 40 በመቶ አለኝ ብሎ ስልኩን ሲያነሳ ቢጠፋበትስ?

ስለዚህ ገዢ ጥገና ቤት ሲገባ «ስንት ሺህ ነው?» ማለቱን ይተውና የተመረተበትን ቀን ይጠይቅ፤ ባትሪ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ያረጃል። ከስልኩ የወጣውን አሮጌ ባትሪ ቁጥር ከአዲሱ ጋር ያስተያይ። ጠጋኙም ካመነበት የጥቂት ወር ዋስትና በወረቀት ይጻፍለት። 6,000 ነው ብሎ የሸጠ ሰው ይህን ለመጻፍ እጁ ሊከብደው አይገባም።