እሺ የሚባለው እምቢ ሲቻል ነው

ሰው ሁሉ ተስማምቶ ከሚያምናቸው ውሸቶች አንዱ ይኸውላችሁ፦ «ትዳር ሲቆይ ባልና ሚስት ወንድምና እህት ይሆናሉ።» ሠርግ ቤት ይባላል፣ ለቅሶ ቤት ይባላል፣ ሽማግሌ ለዕርቅ ሲቀመጥማ ዋናው መድኃኒት እሱ ነው። «አሁን ደግሞ ምን ፍቅር አማራችሁ? ልጆቻችሁን አታሳድጉም?» ይህን የሰሙ ሁለት ሰዎች ገና በአርባዎቹ ዕድሜያቸው አልጋቸውን ለእንቅልፍ ብቻ ይተዉታል። ኧረ ተዉ! መፈላለግ በዕድሜ ብዛት ብቻ አይሞትም። ጠባቂ ሲያጣም ይሞታል።

ማስረጃ የሚፈልግ ሰው መንዝ ይውጣና ጓሳን ይይ። ስሙን ለቦታው የሰጠው ሣር ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይሠራበታል፣ በክፉ ቀን ከብት ይሰማራበታል። ሕዝቡ ቀሮ በሚባል ሥርዓት ለዘመናት ሲጠብቀው ኖሯል። ጓሳ ሦስት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ተዘግቶ ይቆያል። ሣሩ ሲደርስና ችግሩ ሲጠና በስምምነት ይከፈታል። የሚዘጉትም የሚከፍቱትም ባለመብቶቹ ራሳቸው ነበሩ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ቀሮ ፈረሰ፤ ጓሳም ሁሉም የሚገባበት ሆኖ ተጎዳ። ደግነቱ ሕዝቡ ዝም ብሎ አላየም። ከየቀበሌው የተውጣጣ ኮሚቴ አቋቁሞ መልሶ ያዘው። ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ዛሬም እዚያው ናቸው።

«ሚስትን ከግጦሽ ጋር አመሳሰለ» ብሎ የሚነሳብኝ አይጠፋም። አይደለም፤ ጓሳው ሚስት አይደለችም። ጓሳው በሁለቱ መካከል ያለው መፈላለግ ነው። ሁለቱም ባለመብት፣ ሁለቱም ጠባቂ ናቸው።

ይህን ጓሳ የሚያጠፉት ሁለት ዓይነት ሰዎች ናቸው። የመጀመሪያው «መብቴ ነው» እያለ በፈለገው ሰዓት የሚገባው ነው። የሚያሳዝነው ሕጋችንም ከእሱ ጋር መቆሙ ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 53 ጤናን ክፉኛ የሚጎዳ ካልሆነ በቀር ግብረ ሥጋ ግንኙነትን የባልና የሚስት ግዴታ ያደርገዋል። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ደግሞ በአንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን «ከጋብቻ ውጭ» በማለት ይወስነዋል። ሁለቱን አንድ ላይ አንብቧቸው። አንዲት ሚስት «ዛሬ አይሆንም» ብትልና ባል በጉልበት ቢገባባት፣ ይህ አንቀጽ ደፋሪ አይለውም ማለት ነው። «ታዲያ ለምን አገባት?» የሚሉ አሉ። ያገባትማ ሊፈልጋትና ልትፈልገው ነው። እምቢ ማለት የማትችል ሴት እሺ ብትል እሺታዋ ምን ዋጋ አለው? ግብር እንደሚከፈል የሚከፈል ነገር ፍቅር አይባልም።

ሁለተኛው ዓይነት ዘግቶ መክፈት የረሳው ነው። ሥራ በዛ፣ ልጅ ታመመ፣ ቤቱ ጠበበ፣ ዘመድ መጣ... ምክንያቱ ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ግን ሁዳዴን 55 ቀን የሚጾም ሰው እንኳ ፋሲካ እንደሚመጣ ያውቃል። የእኛ ሰው ሳይነጋገር ይዘጋል፣ ሳይነጋገርም ዓመታት ያልፋሉ። ሲጠየቅ «ዝም አይነቅዝም» ይላል። ሌላው ቦታ አይነቅዝ ይሆናል፤ በትዳር ውስጥ ግን ይነቅዛል። ደክሞኛል፣ ናፍቀኸኛል፣ እንዲህ ስታደርጊ ደስ ይለኛል፣ እንዲህ ስታደርግ ግን አልወድም። እነዚህን አራት ነገሮች በሃያ ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ሳይባባሉ የሚያረጁ ስንት ጥንዶች አሉ! ነውር ነው ብለው ነው። ነውሩ መነጋገሩ ሳይሆን እንግዳ ሆኖ አንድ አልጋ ላይ ማርጀቱ ነው።

ስለዚህ ሕግ አውጪው «ከጋብቻ ውጭ» የሚለውን ሐረግ ይሰርዝ፤ አንቀጽ 53ንም አብሮ ይመልከት። ሽማግሌዎቻችንም የተጣላ ባልና ሚስት ፊታቸው ሲቀርብ «ማን በደለ?» ከማለታቸው በፊት «ለመጨረሻ ጊዜ የተጫወታችሁት መቼ ነው?» ብለው ይጠይቁ። ባልና ሚስቱ ግን ሕግና ሽማግሌ እስኪመጣ አይጠብቁ። የመንዝ ሰው ጓሳውን መልሶ የያዘው ተሰብስቦ በመነጋገር ነው፤ ለሁለት ሰው ደግሞ ስብሰባ መጥራት ምን ይከብዳል?