ለጎጃም በረንዳ ወገኖቼ፦ ዘንድሮ ሕዳር በመጥረጊያ ይታጠን

የተከበራችሁ የሰፈሬ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፣

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ጭስ ነው።

ሰኔ 1 ቀን 2015 ዓ.ም. እዚህ ዋሽንግተን አጠገብ በሬን ስከፍት የሚነድ እንጨት ሸተተኝ። የካናዳ ደኖች ሰደድ እሳት ጭስ ድንበር ተሻግሮ መጥቶብን ነበር። የአየሩ መለኪያ «ሐምራዊ» አለ፤ ለሁሉም ሰው በጣም ጎጂ ነው ማለት ነው። ትምህርት ቤቶች የውጭ ጨዋታ ሰረዙ። ሰው ጭንብሉን አጠለቀ። እኔ ግን ልቤ ሰፈሬ ሄደ።

ሕዳር 12 ማለዳ ነው። እናቴ ያረጀ ሰሌን፣ የተቀደደ ጆንያና ፌስታል ደጃፍ ላይ ከምራ ክብሪት ትጭራለች። ፌስታሉ እየተኮማተረ ጥቁር ጠብታ ያንጠባጥባል። ጭሱ ከጎረቤት ጭስ ጋር ተያይዞ ቆርቆሮው ላይ ይተኛል። ሌሊቱን ስታስል አድራ «ብርድ መታኝ» ትል ነበር። ጭስ ነው ያላት ሰው አልነበረም።

አያቶቻችን ሕዳርን ያጠኑት ያለ ምክንያት አይደለም። በ1911 ዓ.ም. ዓለም «የስፔን ጉንፋን» ያለው የሕዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲፈጃት፣ ቆሻሻ ያቃጠሉት ነፍስ ለማትረፍ ነበር። ያኔ ፌስታል አልነበረም። ዛሬ ከክምሩ ውስጥ ፕላስቲኩ ይበዛል። የሕዳር ሌሊት ደግሞ ብርዳም ነው፤ መሬት ላይ የቀዘቀዘውን አየር ከላይ ያለው ሞቃት አየር እንደ አክንባሎ ይከድነዋል፤ ጭሱ መውጫ ያጣል። በጭሱ ውስጥ ያለው፣ ባለሙያዎች ፒኤም 2.5 የሚሉት ብናኝ ከፀጉር ውፍረት 30 ጊዜ ያህል ይቀጥናል፤ ከሳንባ አልፎ ደም ውስጥ ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት ይህ ብናኝ በ24 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጥ ይመክራል። የአሜሪካ ኤምባሲ ለዓመታት ያሳይ የነበረው የአዲስ አበባ አየር ልኬት በየካቲት 2017 ዓ.ም. ተቋርጧል። ስለዚህ ዓይናችሁ ሲቆጠቁጥ፣ ጉሮሯችሁ ሲከረክር እመኑት።

ሕዳር 12 ይቅር አልልም። ደጁ ይጠረግ፣ ቱቦው ይከፈት፣ ቡናው ይፈላ። ሃይላንዱን ለቆራሌው ስጡት፤ የቀረውን በጆንያ አስራችሁ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ አስረክቡ። ፌስታልና ላስቲክ ግን ክብሪት አይንካው። ልጅ ሲያስል ከብርዱ በፊት ጭሱን ጠርጥሩ።

እናቴ ዛሬም እዚያው ናት። ሕዳር 12 ማታ ስደውልላት ሳታስል እንድታወራኝ፣ የጎረቤቶቿን ደጅ አደራ እላለሁ።

ናፋቂያችሁ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ