ለመስጊዱ የተነሳን ለሰውም እንነሳ



በ2011 ዓ.ም በዞናችን እስቴ ውስጥ መስጊዶች ሲቃጠሉ የሰማ ሁሉ አዘነ፤ ተነሳ። በታኅሣሥ 2012 ሞጣ ላይ አራት መስጊዶች የጥቃት ዒላማ ሲሆኑም በየከተማው ሕዝበ ሙስሊሙ ድምፁን አሰማ፤ ገንዘብ አዋጣ። አልሐምዱሊላህ! የአንድ አካል ምልክቱ ይኸው ነው።

የተቃጠለ መስጊድ ጭሱ ከሩቅ ይታያል። ጭስ የሌለው ቃጠሎ ግን አለ። ፈተና ወድቆ ከቤት የማይወጣ ወጣት፣ መንገድ ተዘግቶ ሸቀጡ የቀረበት ነጋዴ፣ ትዳሯ ፈርሶ ልጆቿን ይዛ እናቷ ቤት የተመለሰች እህት። እንዲህ ያለ ሰው መጀመሪያ ወደ ኋለኛው ሰፍ ይሸሻል። ቆይቶ ከጀመዓ ይቀራል። ሲጠፋ የሚጠይቀው ከሌለ ቤቱ እስር ቤት ይሆንበታል።

ለእንዲህ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚነገረው አንድ ቃል ነው፦ «ሶብር አድርግ!» ቃሉ ትክክል ነው። ነገር ግን በመንገድ ላይ ተወርውሮ የሚታለፍ ከሆነ «ዝም በል» ማለት ይሆናል። ሶብር ዝምታ አይደለም።

የሶብርን ትርጉም ከነቢዩሏህ ያዕቆብ (ዐ.ሰ) እንማር። ልጃቸውን ዩሱፍን ባጡ ጊዜ ዓይናቸው እስኪነጣ ድረስ አዝነዋል። ማዘናቸው ከነቢይነታቸው ምንም አልቀነሰም። ሐዘናቸውንና ስሞታቸውን ለአላህ አቀረቡ። ከዚያም ልጆቻቸውን «ሂዱ፣ ዩሱፍንና ወንድሙን ፈልጉ፣ ከአላህ እዝነት ተስፋ አትቁረጡ» ብለው ላኩ። እንግዲህ ሶብር ሦስቱንም አንድ ላይ የያዘ ነው፦ ማዘን፣ ለአላህ መናገር፣ ተነስቶ መፈለግ። አንዱን ብቻ የያዘ ሰው መንገድ ላይ ይቀራል።

ማዘንን በተመለከተ የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሕይወት በቂ ነው። ኸዲጃ (ረ.ዐ) እና አጎታቸው አቡ ጧሊብ በአንድ ዓመት ውስጥ ሲለዩዋቸው ያ ዘመን የሐዘን ዓመት ተባለ። ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞትም ዓይናቸው አንብቷል። ስለዚህ ለሚያለቅስ ወንድማችን «ኢማንህ ደክሟል» አንበለው። የተከለከለው አላህን የሚያስቆጣ ንግግር ነው እንጂ እንባ አይደለም።

ሁለተኛው ለአላህ መናገር ነው። የተሰበረ ሰው ረጅም ዱዓ አይጠበቅበትም። በሱጁድ ላይ በገዛ ቋንቋው፣ በአማርኛውም ቢሆን፣ የልቡን ለጌታው ያውጣ። አላህ የቋንቋ አስተርጓሚ አይፈልግም።

ሦስተኛው መፈለግ ነው። ለመፈለግ ግን በቅድሚያ የእኛ የሆነውንና ያልሆነውን መለየት ያሻል። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን እንመልከት። በ2014 ዓ.ም ከተፈተኑት ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም 5.4 በመቶ። ከመቶ ልጆች ከዘጠና በላይ በወደቁበት ፈተና የወደቀ ልጅ ራሱን «ደደብ ነኝ፣ አላህ ጠልቶኛል» ብሎ መኮነኑ ስሌቱም አይደግፈውም። ጥፋቱ የትምህርቱ ሥርዓትም፣ ጦርነት የዘጋው ትምህርት ቤትም ነው። የእሱ ድርሻ ግን አለ፦ ሪሚዲያል ደርሶት ከሆነ መግባት፣ ካልሆነ እንደገና መፈተን፣ ወይም ሙያ መማር። ቀደር ያለፈውን ለመቀበል ነው እንጂ ነገን ለመተው አይደለም።

አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። በዚህ ደጋ ለዘመናት ሙስሊሙ የመሬት ርስት ተነፍጎ ኖሯል፤ መሬት ላራሹ የታወጀው በ1967 ዓ.ም ነው። እነሱ ግን ሸማ ሠሩ፣ ነገዱ። ከይፋግ አጠገብ ያለችው ደሪጣ የሙስሊም ነጋዴዎች መንደር ሆና ስሟ የተነሳው በዚህ ነው። በደሉን በደል ብለው ጠሩት፤ እጃቸውን ግን አላጣጠፉም። በ2017 ዓ.ም አክሱም ላይ በሒጃባቸው ምክንያት ከትምህርት የታገዱት እህቶቻችንም እንዲሁ ናቸው፤ ጉዳያቸውን ፍርድ ቤት አድርሰዋል። መብትን በሰላም መጠየቅም መፈለግ ነው።

ይህ ነገር ከትግላችን ጋር ምን አገናኘው የሚል ይኖር ይሆናል። በቀጥታ ያገናኘዋል። ሰላማዊ ትግል የረጋ ቀልብ ይፈልጋል። የግል ቁስሉን ያላከመ ወጣት ንዴቱን ይዞ አደባባይ ሲወጣ ድንጋይ ለማንሳት ይቀርባል፤ ጠብመንጃ የሚያቀብለውም በዚህ ዘመን ሩቅ አይደለም። ሌላው በጫት ይደበቃል፤ ሌላው በደላላ ተታሎ በረሃ ይገባል። በሐምሌ 2004 የታሰሩት የኮሚቴ አባላት ከሦስት ዓመት በኋላ እስከ 22 ዓመት ሲፈረድባቸው፣ ከውጭ ስማቸውን በዱዓ የሚያነሳ ጀመዓ ነበራቸው። ቤቱ ውስጥ የታሰረውስ ማን አለው?

ስለዚህ ለየመስጊዱ ጀመዓ የምናቀርበው ጥሪ ይህ ነው።

አንደኛ፣ የጠፋን ሰው እንጠይቅ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መስጊድ ትጠርግ የነበረችውን ሴት ባጧት ጊዜ የት እንዳለች ጠይቀዋል፤ መሞቷ ሲነገራቸው መቃብሯ ድረስ ሄደው ሰግደውባታል። ከዒሻእ በኋላ ሁለት ሰው ቤቱ ሄዶ ይዘይር። ምክር ከማብዛት ይልቅ ይስማው።

ሁለተኛ፣ ለከሰረ ነጋዴ ቀርድ የሚሰጥ ትንሽ ሣጥን በየመስጊዱ ይኑር። ስሙ በአደባባይ አይጠራ።

ሦስተኛ፣ ትዳሯ የፈረሰን እህት ሴቶቻችን ይጎብኟት። ሐሜት ከፍቺው በላይ ያቆስላል።

አራተኛ፣ ለሳምንታት እንቅልፍና ምግብ የተወ፣ ሞትን የሚያነሳ ሰው ካለ ብቻውን አንተወው፤ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ይወሰድ። ቁርኣን የሚቀራበት ሰው ሕክምናም ያስፈልገዋል፤ ነቢያችን መታከምን አዘዋል።

በዚህ ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ግራና ቀኛችንን እንይ። ከአንድ ወር በፊት አጠገባችን ይሰግድ የነበረ፣ ዛሬ የሌለ ማን ነው? የመጀመሪያው ዚያራ ለእሱ ይሁን። አላህ የተሰበሩትን ይጠግን፣ እኛንም ለመጠገኛነት ይጠቀምብን።

አላሁ አክበር!